ሌባው የቤቱን ካርታ በቃሉ ሲያውቅ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ስልኬ አፕዴት አድርግ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ዳታ ከመጨረስ ሌላ ምን ይጠቅመኛል?» አለኝ። በአንድ መስመር ልመልስለት ሞክሬ አልሆነልኝም። ነገሩ ታሪክ አለው፤ እስቲ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮንዶሚኒየም ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? በአንድ ፕላን ስለተሠሩ የአንዱን ቤት ያየ ሰው የጎረቤቱንም በጨለማ ሊዞረው ይችላል። ኮምፒውተርም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ነበር። አንድ ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጫነባቸው ማሽኖች ፕሮግራሞቻቸውን ሚሞሪ ላይ የሚያስቀምጡት ያው ተመሳሳይ አድራሻ ላይ ነበር።

የዚህን ጣጣ ዓለም በደንብ ያየው በ1988 ነው። ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን አንበረከከ። ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ እንዲህ ነው፦ 512 ባይት ለሚይዝ ቦታ 536 ባይት ላከበት። ትርፉ ፈሰሰና ፕሮግራሙ ቀጥሎ የት እንደሚሄድ የተጻፈበትን ቦታ ሸፈነው። እዚያ ላይ አጥቂው የፈለገውን አድራሻ ጻፈ፤ ማሽኑም ታዘዘ። ልብ በሉ፣ ይህ የሚሠራው አጥቂው አድራሻውን አስቀድሞ ካወቀ ብቻ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። በ2001 ፓክስ የተባለ የሊኑክስ ደህንነት ፕሮጀክት አንድ ቀላል ሐሳብ ይዞ ብቅ አለ፦ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር አድራሻው በዕጣ ይቀያየር። አጥቂው ከሳተ ፕሮግራሙ ይዘጋል እንጂ እጁ አይገባም። ኦፕንቢኤስዲ በ2003፣ ሊኑክስ በ2005፣ ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ተቀበሉት።

ከርነሉስ? ከርነል ማለት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ልብ ነው፤ እሱን የያዘ ሁሉን ያዘ። የአፕል ማውንቴን ላየን እና አይኦኤስ 6 በ2012 ከርነሉን በዕጣ ማስቀመጥ ጀመሩ። ሊኑክስ በ2014 አስገባው፣ ሳይጠየቅ እንዲሠራ ያደረገው ግን በ2017 ነው።

ድክመት ግን አለው። ቤቱ በሙሉ ይነሣና ሌላ ቦታ ይቀመጣል እንጂ ክፍሎቹ ቦታ አይለዋወጡም። ስለዚህ አንዲት አድራሻ ካፈተለከች የወጥ ቤቱን በር ያየ ሌባ መኝታ ቤቱን አያጣውም። ኦፕንቢኤስዲ ይህን አይቶ በ2017 ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ክፍሎቹንም ማቀያየር ጀመረ።

አሁን ወደሚገርመኝ ክፍል ልምጣ። በ2017 የኦስትሪያው ግራዝ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፕሮግራሞች የከርነሉን አድራሻ እንዳይሰልሉ በመካከል መጋረጃ የሚጥል ዘዴ ሠሩ። «ለአንዲት አድራሻ ብሎ ኮምፒውተሩን ማዘግየት ምን ያስፈልጋል?» ያለ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። በጥር 2018 ግን ሜልትዳውን ይፋ ሆነ፦ በተለይ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ተራ ፕሮግራም የከርነሉን ሚሞሪ ራሱን ማንበብ እንደሚችል ታወቀ። አድራሻ መደበቅ ብቻውን እዚህ ላይ ምንም አላዳነም። ያዳነው ያ ለትንሿ ምስጢር ተብሎ የተሠራው መጋረጃ ነው! ሊኑክስ ያስገባው መከላከያ ከእሱ የተወለደ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው።

መጋረጃው ታዲያ ሰው ጋ የደረሰው በምን መሰላችሁ? በአፕዴት።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ራሴ ኢንተርኔት ለመቆጠብ ብዬ የላባችንን ኮምፒውተሮች አፕዴት ለረጅም ጊዜ ዘግቼ ነበር። ተማሪዎቼ ፍላሽ እየሰኩ፣ የኢሜይል ፓስወርዳቸውን እየጻፉ። ያን ጊዜ ቁጠባ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሌባውን ካርታ አሮጌ እንዳይሆን እየጠበቅኩለት ኖሯል።

ስለዚህ ልጄ፣ መልሴ ይኸው። አድራሻ መደበቅ ቁልፍ አይደለም፤ ለሌባው ሥራ ማብዛት ነው። ቁልፉ ሲሰበር ደግሞ አዲሱ የሚመጣልህ በዚያ በሚጨቀጭቅህ መልእክት ነው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርስ አፕዴት አድርገው። ስልክህንም አልፎ አልፎ አጥፍተህ አብራው፤ ዕጣው እንደገና የሚወጣው ያኔ ነውና።

እናንተስ፣ አፕዴቱን «በኋላ» ካላችሁት ስንት ጊዜ ሆናችሁ? እውነቱን ብቻ፣ ኮሜንት ላይ 😄