የጨዋታ ሰርቨር

የጨዋታ ሰርቨር በኔትዎርክ የሚካሄድ የብዙ ተጫዋቾች የኮምፒዩተር ጨዋታን የሚያስተናግድ ሶፍትዌር፣ ወይም ሶፍትዌሩ የተጫነበት ኮምፒዩተር ነው። ለዚህ ሥራ ብቻ የተመደበው ዓይነት ዴዲኬትድ ሰርቨር ይባላል። ምስልና ድምፅ ሳያወጣ ከበስተጀርባ ይሠራል፤ ማንም ተቀምጦ አይጫወትበትም። የተጫዋቾችን ትእዛዝ ይቀበላል፣ በጨዋታው ሕግ መሠረት ያሰላል፣ ውጤቱንም ለሁሉም ይልካል። ስለዚህ የሰርቨሩ ቦታ ጨዋታው ለማን ፈጣን፣ ለማን ዘገምተኛ እንደሚሆን ይወስናል።

አሠራር

ሰርቨሩ የጨዋታውን ሁኔታ በየተወሰነ ቅጽበት ያድሳል። እያንዳንዱ እድሳት «ቲክ» ይባላል። ማይንክራፍት በሰከንድ 20 ቲክ አለው። ፈጣን የተኩስ ጨዋታዎች ከዚህ የበዛ ቲክ ይጠቀማሉ፤ መልእክታቸውንም በአብዛኛው በዩዲፒ ይልካሉ፤ ምክንያቱም የጠፋ መልእክት ዳግመኛ ተልኮ እስኪደርስ ጊዜው ያልፍበታል። ተጫዋቾች ሰርቨሩን የሚያገኙት በአይፒ አድራሻውና በፖርት ቁጥሩ ነው። የካውንተር ስትራይክ የተለመደ ፖርት 27015፣ የማይንክራፍት ጃቫ እትም ደግሞ 25565 ነው።

ዴዲኬትድ ሰርቨር ከሌለ ከተጫዋቾቹ አንዱ አስተናጋጅ ይሆናል። አስተናጋጁ ራሱ መዘግየት ስለማይደርስበት ከሌሎቹ ብልጫ ያገኛል፤ ጥሎ ከወጣ ደግሞ ጨዋታው ሊቋረጥ ይችላል።

ታሪክ

ኢድ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1996 ክዌክ የተባለውን ጨዋታ አወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ክዌክወርልድ በኢንተርኔት ለመጫወት ታስቦ የተሻሻለ ሲሆን፣ የተጫዋቹ ኮምፒዩተር የሰርቨሩን መልስ ሳይጠብቅ እንቅስቃሴውን ቀድሞ እንዲገምት አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1999 ከሃፍ ላይፍ ጨዋታ የተወለደው ካውንተር ስትራይክ ማንም ሰው በዊንዶውስ ወይም በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ በነፃ ሊጭነው በሚችል ሰርቨር በዓለም ዙሪያ ተስፋፋ።

በአዲስ አበባ

ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ለሕዝብ የቀረበው በ1989 ዓ.ም. ነው። በፒያሳና በሌሎች የአዲስ አበባ ሰፈሮች የኢንተርኔት ካፌዎችና የፕሌይስቴሽን ቤቶች የወጣቶች መዋያ ሆነዋል። በአንድ ቤት ያሉ ኮምፒዩተሮች በኬብልና በስዊች ከተያያዙ፣ አንደኛው ሰርቨር ሆኖ ሌሎቹን ያለ ኢንተርኔት ማጫወት ይችላል። መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ፣ ማለትም ፒንግ፣ በዚህ ዓይነት ግንኙነት ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊሰከንድ አይበልጥም።

ሰርቨሩ ውጭ አገር ሲሆን ሁኔታው ይለወጣል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ ከ53 ሚሊሰከንድ ሊያንስ አይችልም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገሮች በኩል ዞሮ ወደ ባሕር ኬብል ይገባል፤ በተግባር የሚታየው ፒንግ ከዚህ ይበልጣል። ሰርቨሩ አጠገብ ካለ ተጫዋች ጋር የሚተኮስ የአዲስ አበባ ተጫዋች፣ እኩል ቢፈጥን እንኳ ትእዛዙ ዘግይቶ ይደርሳል።

ግንኙነቱ ጨርሶ ሲቋረጥም ልዩነቱ ይታያል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል በተዘጋበት ጊዜ፣ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ሊደረስበት አይችልም ነበር። የቤት ውስጥ ኔትዎርክ ግን ከኢንተርኔት ውጭ ይሠራል።

የአገር ውስጥ ሰርቨር የራሱ ችግሮች አሉት። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤስ ወይም ጄኔሬተር ከሌለ ሰርቨሩ ይቆማል፤ ያልተቀመጠው የጨዋታ ሂደትም ይጠፋል። አንድን አይፒ አድራሻ ብዙ ደንበኞች በሚጋሩበት የሞባይል ኔትዎርክ ደግሞ ከውጭ ወደ ሰርቨሩ መግባት አስቸጋሪ ነው። ሰርቨሩ የተቀመጠበት ቤትም ላይቆይ ይችላል፤ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት በፒያሳ በርካታ አሮጌ ቤቶችና ሱቆች ፈርሰዋል። ስለዚህ ተጫዋቾች ለዓመታት የገነቡትን የማይንክራፍት ዓለም የያዘ ፋይል ቅጂው በሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት።

በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ የግል ዳታ ማዕከላት ተከፍተዋል። በእንዲህ ዓይነት ማዕከል የተቀመጠ ሰርቨር አስተማማኝ መብራት ያገኛል። የኢትዮ ቴሌኮምና በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደንበኞችም፣ መልእክቱ ከአገር ሳይወጣ እስከተላለፈ ድረስ፣ በተቀራራቢ ፒንግ ሊጫወቱበት ይችላሉ።