ስለ አውራሪስና ስለ ባለ አንድ ቀንዱ አውሬ

በቀድሞ ዘመን ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ መንገደኛ ስንቁን ከመቋጠሩ በፊት በመንገዱ ላይ ምን ዐይነት አውሬ እንዳለ ይጠይቅ ነበር። መልስ የሚሰጡትም ሦስት ወገኖች ነበሩ፤ እነርሱም ያየ ሰው፣ የሰማ ሰውና መጽሐፍ ናቸው። የሦስቱ ቃል በተደባለቀ ጊዜ ያልተፈጠረ አውሬ ቀንድ አውጥቶ፣ ለቀንዱም ዋጋ ተቈርጦለት በዓለም ሁሉ ታወቀ። የዚህን አውሬ ታሪክ፣ ሦስቱንም ምስክሮች ሳያደባልቅ ስለ አገራችን የጻፈውን የአንድ ነጋዴ ሥራ በአጭሩ እንመልከት። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ400 ዓመት ገደማ በፋርስ ንጉሥ ቤት ሐኪም የነበረው ክቴስያስ የተባለ ጽርኣዊ ስለ ህንድ አገር መጽሐፍ ጻፈ። የጻፈውም በፋርስ ሳለ የሰማውን ነው። በግንባሩ ላይ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ቀንድ ያለው የዱር አህያ አለ፤ ቀንዱም ከሥሩ ነጭ፣ ከመካከሉ ጥቁር፣ ከጫፉ ቀይ ነው፤ ከዚህ ቀንድ በተሠራ ጽዋ የጠጣ ሰው መርዝ አይጎዳውም አለ።

ከዚህም በኋላ በእስክንድርያ ብሉይ ኪዳን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርእ በተመለሰ ጊዜ ተርጓሚዎቹ ራእም የሚለውን ቃል ሞኖኬሮስ ማለት ባለ አንድ ቀንድ ብለው ጻፉት። ራእም ግን በዛሬ ዘመን የቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ ታላቅ የዱር በሬ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ሙሴ በኦሪት ዘዳግም በ33ኛው ምዕራፍ ዮሴፍን ሲባርክ ቀንዶቹን በብዙ ቍጥር ጠርቶ ለኤፍሬምና ለምናሴ መስሎ ተናገረ፤ ለሁለት ልጆች ሁለት ቀንዶች መሆናቸው ነው። የዚያ የዱር በሬ ዘር የመጨረሻዋ በ1627 ዓ.ም. በፖላንድ አገር ሞታለች። የእኛም ብሉይ ከጽርእ የተመለሰ ስለ ሆነ ዳዊታችን አውሬውን ዘአሐዱ ቀርኑ ብሎ ይጠራዋል። ይህን ማለታችን ንባቡን ለመንቀፍ አይደለም፤ የምሳሌው ምሥጢር ኀይል ነውና በበሬውም በባለ አንድ ቀንዱም ያው ይጸናል።

ደግሞ በእስክንድርያ እንደ ተጻፈ የሚታመነው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ ወደ ግእዝ የተመለሰው በአክሱም መንግሥት ዘመን ነው። በዚህ መጽሐፍ ባለ አንድ ቀንዱ አውሬ እንደ ጠቦት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አዳኝ ሊይዘው አይችልም፤ ድንግል ስትቀርብ ብቻ ከጭኗ ላይ መጥቶ ያርፋል። ይህም ከእመቤታችን ስለ ተወለደው ስለ ጌታችን የተነገረ ምሳሌ ነው። ደራሲው ስለ ክርስቶስ ለማስተማር ጻፈ እንጂ አደን ለማስተማር አልጻፈም።

አሁን ወደ ነጋዴው እንመለስ። ወደ ህንድ ተጓዡ ቆዝሞስ የሚባለው የእስክንድርያ ሰው በንጉሠ ነገሥት ዮስጢኖስ ዘመን፣ ከ518 እስከ 527 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ወደ አዱሊስ መጥቶ ነበር። ያን ጊዜ በአክሱም የነገሠው ካሌብ ነው። ቆዝሞስ ከ25 ዓመት በኋላ ገደማ በጻፈው መጽሐፍ አንድ ክፍል ስላወቃቸው አውሬዎች ሲናገር፣ እያንዳንዱን እንዴት እንዳወቀው ለይቶ ያስረዳል። አውራሪስን በሕይወቱ ሳለ ከሩቅ አይቼዋለሁ፤ ገለባ የተሞላ ቆዳውንም በንጉሡ ቤት ቆሞ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ሥዕሉን አጥብቄ ሣልሁ አለ። ቀጭኔን በቤተ መንግሥት ተገርታ አየ፤ ወተት በሳሕን ሲያቀርቡላት የፊት እግሮቿን ካልከፈተች ከመሬት መጠጣት እንደማትችል ጻፈ። ስለ ጕማሬ ግን፣ እርሱን አላየሁትም፤ 13 ልጥር የሚመዝን ጥርሱን አግኝቼ ሸጥሁ አለ።

ወደ ባለ አንድ ቀንዱም በደረሰ ጊዜ፣ ይህን አውሬ አላየሁትም፤ አራት ግንብ ባለው በኢትዮጵያ ንጉሥ ቤት ግን አራት የናስ ምስሎቹን አይቻለሁ፤ ከእነርሱም ሣልሁት ብሎ መሰከረ። አዳኞች ሲያስጨንቁት ከገደል ራሱን ወርውሮ በቀንዱ ላይ ያርፋል የሚለውን ነገር ደግሞ ሰዎች ይላሉ ብሎ ለብቻው አኖረው። አውሬውን ያየ፣ ጥርሱን የያዘ፣ ምስሉን ያየ፣ ወሬውን የሰማ ሰው እኩል ምስክር እንዳይደለ ቆዝሞስ ያውቅ ነበር።

ይህ ሰው ለግእዝ ተማሪ የሚሆን አንድ ስጦታም ትቶልናል። ኢትዮጵያውያን አውራሪስን በቋንቋቸው አሩ ወይም ሐሪሲ ይሉታል፤ አሩ ማለት አውሬ ነው፤ ሐሪሲ ማለት ማረስ ነው፤ ቆዳው ጽኑ ስለ ሆነ በማረሻ ብረት ፈንታ የሚያርሱበት አሉና ብሎ ጻፈ። አርዌ የሚለውንና ሐረሰ የሚለውን ግስ የሚያውቅ ሁሉ ቃሉን ወዲያው ያውቀዋል። ነጋዴው ከአገሩ ሰው አፍ ጠይቆ ስለ ጻፈ፣ ከ1,400 ዓመት በላይ አልፎ የአባቶቻችን ንግግር በጽርእ መጽሐፍ ውስጥ ሳይጠፋ ተገኘ።

ሌሎች ግን እንዲህ ጠንቃቆች አልነበሩም። በ1515 ዓ.ም. ከህንድ ወደ ሊዝቦን አንድ አውራሪስ በመጣ ጊዜ ዱረር የተባለው የጀርመን ሠዓሊ እንስሳውን ሳያይ ከደብዳቤና ከንድፍ ሥሎት በጫንቃው ላይ ሌላ ትንሽ ቀንድ ጨመረለት፤ ያም ስሕተት ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ብዙ ዘመን ተገለበጠ። የመርዝ ማርከሻ ነው ተብሎ በውድ ዋጋ ይሸጥ የነበረውንም ረጅም ቀንድ፣ ኦሌ ቮርም የተባለ የዴንማርክ ሐኪም መርምሮ የባሕር አውሬ ጥርስ እንደ ሆነ በ1638 ዓ.ም. ገለጠ።

ይሁን እንጂ ቆዝሞስም ራሱ ሰው ነው። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ዓለም በደብተራ ኦሪት ቅርጽ የተሠራች፣ ምድርም ዝርግ ናት የሚል ነበር። በኢትዮጵያ ምስልን ከአውሬ የለየ ሰው፣ በሰማይና በምድር ነገር ምሳሌውን እንደ መለኪያ ገመድ ያዘውና ተሳሳተ።

ይህ ነገር ለእኛ ለመምህራን የሚገባ ተግሣጽ ነው። የእንስሳትን ትምህርት በትምህርት ቤት የተማረ ልጅ፣ የኔታ፣ ባለ አንድ ቀንዱ አውሬ የሚኖረው የት ነው ብሎ ቢጠይቀን፣ በዚህ በረሃ አለ ብለን ብንከራከር ልጁ አውሬውን ፈልጎ ባጣው ቀን የተመሰለለትንም ጌታ አብሮ ይጥለዋል። የፊሳልጎስ አውሬ ሰም ነው፤ ወርቁ ከድንግል የነሣው ሥጋ ነው ብለን የነገርነው እንደ ሆነ ግን ትምህርቱም ሃይማኖቱም ይጸኑለታል። በቅኔ ቤት ሰምን ከወርቅ ስንለይ ያደግን ሰዎች ይህን ለመመለስ ልናፍር አይገባንም፤ አላየሁም ማለትም የነጋዴው ቆዝሞስን ምስክርነት አከበረው እንጂ አላዋረደውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።