«አልቢዮን»፡ የእንጆሪው ዝርያ የትውልድ ሐረግና መለያ ባሕርያት

በአማርኛ «እንጆሪ» የሚለው ስም ሁለት ተክሎችን ይጠራል፡፡ አንደኛው በጫካና በወንዝ ዳር፣ እሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ የሚያፈራው የአገራችን የዱር እንጆሪ ነው፡፡ ሁለተኛው ከውጭ የመጣው፣ ከመሬት እምብዛም ከፍ ሳይል የሚያፈራው ስትሮበሪ ነው፡፡ ሁለቱ በጽጌረዳ ቤተሰብ ቢገናኙም የተለያዩ ተክሎች ናቸው፡፡ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁለተኛው ሲሆን፣ ከዝርያዎቹም በብዙ አገሮች የተሰራጨውን «አልቢዮን» እንመለከታለን፡፡ በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡

የሁለት አሜሪካዎች ድቅል

ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኘው ትልልቅ ፍሬ ያለው እንጆሪ በተፈጥሮ ጫካ ውስጥ የተገኘ አይደለም፡፡ ፈረንሳዊው መኮንንና መሐንዲስ አሜዴ ፍራንሷ ፍሬዚዬ በ1714 ከቺሊ ሲመለስ ፍሬያቸው ትልልቅ የሆኑ የእንጆሪ ተክሎችን ወደ አገሩ ይዞ ገባ፡፡ ተክሎቹ ሴቴዎች ስለነበሩ ለብቻቸው ሲተከሉ አላፈሩም፡፡ ከሰሜን አሜሪካ ቀደም ብሎ ከመጣው የቨርጂኒያ እንጆሪ አጠገብ ሲተከሉ ግን የዚያን ብናኝ አግኝተው ፍሬ ሰጡ፤ ከዘራቸውም አዲስ ድቅል ተገኘ፡፡ ይህ ተክል የሁለቱ ድቅል መሆኑን በ1766 ያስረዳው ሌላው ፈረንሳዊ አንቷን ኒኮላ ዱሼን ነው፡፡

ይህ እንጆሪ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ 56 ክሮሞዞሞች ይይዛል፡፡ ከአንድ ፍሬ የተወሰዱ ዘሮች ሲዘሩ እርስ በርሳቸውም ሆነ ከእናታቸው ጋር አይመሳሰሉም፡፡ ከአልቢዮን ፍሬ ዘር ወስዶ የዘራ ሰው እንጆሪ ሊያገኝ ይችላል፤ የሚያገኘው ግን አልቢዮን አይደለም፡፡ ዝርያው ሳይለወጥ የሚባዛው ተክሉ መሬት ለመሬት በሚሰዳቸው ቀጫጭን ሐረጎች ላይ ከሚበቅሉት ችግኞች ወይም በቤተ ሙከራ በቲሹ ካልቸር ነው፡፡

ከዩታ ተራሮች የተገኘው ባሕርይ

አብዛኞቹ የቆዩ የእንጆሪ ዝርያዎች የአበባ እምቡጥ የሚቋጥሩት ቀኑ ሲያጥርና አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው፡፡ በዚህም ምክንያት በሰሜኑ አገሮች ምርቱ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ይደርሳል፡፡ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሮይስ ብሪንግኸርስት በ1950ዎቹ በዩታ ግዛት ከሚገኙት የዋሳች ተራሮች ለቀኑ ርዝመት ደንታ የሌለው የዱር እንጆሪ አገኙ፡፡ የዱሩ ፍሬ ለገበያ የማይሆን ትንሽ ነበር፡፡ ስለዚህ ድቅሎቹን መልካም ፍሬ ካላቸው ዝርያዎች ጋር ደጋግሞ ማዳቀል ግድ ሆነ፡፡ ሥራው ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቶ በ1970ዎቹ ማብቂያ ግድም የመጀመሪያዎቹ የካሊፎርኒያ «ቀን የማይመርጡ» ዝርያዎች ለገበሬ ተለቀቁ፡፡

አልቢዮን የዚሁ ሥራ ውጤት ነው፡፡ በዩኒቨርሲቲው የዴቪስ ቅርንጫፍ ዳግላስ ሾውና ከርክ ላርሰን በ1997 «ዲያማንቴ» የተባለውን ዝርያ «ካል 94.16-1» ከተባለ የምርምር መስመር ጋር አዳቀሉ፡፡ ከልጆቹ መካከል የተመረጠው ተክል ከተከታታይ ሙከራ በኋላ አልቢዮን ተብሎ ወጣ፤ የአሜሪካ የዕፅዋት ፓተንትም በ2006 ተሰጠው፡፡

መለያዎቹ ምንድን ናቸው?

የአልቢዮን ፍሬ ረዘም ያለ፣ ወደ ጫፉ የሚሾልና ጎንና ጎኑ የተመጣጠነ ነው፡፡ ቀለሙ ከውጭም ከውስጥም ከወላጁ ከዲያማንቴ ይልቅ የጠቆረ ቀይ ነው፡፡ ጣዕሙም ከዲያማንቴ እንደሚበልጥ ይነገርለታል፡፡ ሥጋው ጠንካራ በመሆኑ ጉዞን ይችላል፡፡ ተክሉ ገላጣ ስለሆነ ፍሬው በቅጠል መካከል አይደበቅም፣ ለቃሚም አይቸገርም፡፡ ምርቱን በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ ይልቅ በወቅቱ ውስጥ አከፋፍሎ ይሰጣል፡፡

በበሽታ በኩል፣ ቨርቲሲሊየም የተባለው የአፈር ፈንገስ የሚያመጣውን አጠውልግና ፋይቶፍቶራ የሚያስከትለውን የአንገት መበስበስ በደህና ይቋቋማል፡፡ ነገር ግን ይህ መግለጫ ዝርያው ሲለቀቅ የተጻፈ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፡፡ ፉዛሪየም የተባለ ሌላ ፈንገስ የሚያመጣው አጠውልግ በካሊፎርኒያ የእንጆሪ ማሳዎች በ2006 ሲታይ፣ አልቢዮን በቀላሉ የሚጠቃ ሆኖ ተገኘ፡፡ በአንጻሩ ልጁ «ሳን አንድሪያስ» ይህንን በሽታ ይቋቋማል፡፡ «ሞንቴሬይ» የተባለው ዝርያም የአልቢዮን ልጅ ነው፡፡

በእኛ ደጋ ሲታይ

አንድ የእንጆሪ ችግኝ ሻጭ «ይህ ዝርያ ቀን አይመርጥም፣ ዓመቱን ሙሉ ያፈራል» ቢል እውነቱን ነው፡፡ ጥያቄው ይህ ባሕርይ ለእኛ ምን ያህል ዋጋ አለው የሚለው ነው፡፡ በካሊፎርኒያ የእንጆሪ አካባቢዎች የበጋው ቀን ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል፡፡ አዲስ አበባ ላይ ግን በዓመቱ አጭርና ረጅም ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ቀኑ ሁልጊዜም በ12 ሰዓት ዙሪያ ነው፡፡ አጭር ቀን የሚፈልገው የቆየው ዝርያም በእኛ ደጋ የሚፈልገውን ቀን ዓመቱን ሙሉ ያገኛል ማለት ነው፡፡ ስለዚህ ለዚህ አንድ ባሕርይ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያዋጣም፡፡

ሙቀትም ሊረሳ አይገባም፡፡ ቀን የማይመርጡት ዝርያዎች ሙቀት ይመርጣሉ፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ አበባቸው ይቀንሳል፡፡ በደጋ የሚያምረው ተክል በቆላ ቅጠል ብቻ ሊሆን ይችላል፡፡

ሌላው ጉዳይ የችግኝ ምንጭ ነው፡፡ የእንጆሪ ተክል ሐረግ በብዛት የሚሰደው ቀኑ ሲረዝም ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ረጅም ቀን የለም፡፡ አልቢዮን በራሱም ሐረግ ቆጣቢ ነው፡፡ ስለዚህ «አንድ ጊዜ ገዝቼ ራሴ አባዛለሁ» የሚል ገበሬ ሒሳቡን አስቀድሞ መሥራት አለበት፡፡ ከታመመ እናት የተወሰደ ሐረግ ደግሞ በሽታውንም ይዞ ይሄዳል፡፡ ፓተንት ወይም የአዳቃይ መብት ያለው ዝርያ ሲሆንም፣ ለሽያጭ ማባዛት ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑ መታወቅ አለበት፡፡

በእኛ ክረምት ደግሞ የትኛውም ዝርያ ከግራጫ ሻጋታ ሙሉ ለሙሉ አይድንም፡፡ ከፍ ያለ መደብ፣ በዝናብ ወቅት የፕላስቲክ ጣሪያና የበሰለውን ቶሎ ቶሎ መልቀም ከዝርያው ስም ያላነሰ ዋጋ አላቸው፡፡

እንግዲህ እንጆሪ ለመትከል ያሰበ ሰው ሻጩን ሊጠይቀው የሚገባው «ዓመቱን ሙሉ ያፈራል ወይ?» ብሎ ብቻ አይደለም፡፡ ችግኙ ከየት መጣ? ከበሽታ ነፃ መሆኑን ማን አረጋገጠ? በእኔ አፈር ያለውን በሽታ ይቋቋማል? በሚቀጥለው ዓመትስ ችግኝ ከየት አገኛለሁ? ለእነዚህ መልስ ያለው ሻጭ ሲገኝ፣ አልቢዮን ለደጋው ገበሬ ሊሞከር የሚገባው ዝርያ ነው፤ ሙከራውም በጥቂት መደቦች ቢጀመር ይመረጣል፡፡