አንድ ሰው፣ ሁለት ሙያ፦ ከጌርኒካ እስከ ቡሬ

የካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የኮሎኔል ናታሌ የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። የተከተለው የዊንጌት «ጌድዮን ጦር» በቁጥር ከጠላት እጅግ ያነሰ ነበር። ጉድለቱን ከሞሉለት ነገሮች አንዱ ወሬ ነው።

የወሬው ክፍል ኃላፊ ጆርጅ ስቲር ይባላል። የይሁዳ አንበሳ ማኅተም ያለበት በራሪ ወረቀት፣ ካርቱም የታተመው የአማርኛ ጋዜጣ «ባንዲራችን»፣ በጎጃም ምሽጎች አጠገብ የሚጮኸው ድምፅ ማጉያ የእሱ ክፍል ሥራዎች ነበሩ። መልእክቱ ለጣሊያን ላደሩት ወታደሮች ነው፦ ከድታችሁ ኑ። ብዙዎች ከዱ።

ይኸው ስቲር ቀድሞ የለንደኑ ታይምስ ዘጋቢ ነበር። ጣሊያኖች አዲስ አበባን በያዙ ሰሞን በ1928 አባረሩት። በሚያዝያ 1929 የስፔኗ ጌርኒካ ከአየር ስትደበደብ ፍርስራሹ ውስጥ ገብቶ የተረፉትን ጠየቀ፤ የጀርመን ምልክት ያለበትን ቦምብ አይቶ ጻፈ። የፍራንኮ ወገን «ከተማዋን ያቃጠሏት ራሳቸው ናቸው» ቢልም ዘገባው ጸንቶ ቆመ።

ጌርኒካ ላይ ጥያቄው «እውነት ነው ወይ?» ነበር። ቡሬ ላይ ግን «ወታደሩ ከዳ ወይ?» ሆነ። የቡሬው ዓላማ ፍትሐዊ ነው፤ ሙያው ግን ሌላ ነው።

ዛሬ ኮሌጆቻችን ሁለቱን በአንድ ስም «ጋዜጠኝነትና ኮሙዩኒኬሽን» ብለው ያስተምራሉ። በ2001 የማስታወቂያ ሚኒስቴር ፈርሶ የመንግሥት ኮሙዩኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ሲተካ መዋቅሩ እስከ ወረዳ ወረደ። በትንሽ ከተማ ለሚመረቅ ልጅ ቅርቡ ቀጣሪ ጋዜጣ ሳይሆን ይህ ቢሮ ነው። እዚያ መቀጠር ነውር የለውም፤ መንግሥትም ሥራውን ማስረዳት አለበት። አደጋው ተማሪው የቢሮውን መግለጫ ዜና ብሎ መጥራት ሲለምድ ነው።

ትንሽ ኮሌጅ ስቱዲዮም ካሜራም ላይኖረው ይችላል። ልዩነቱን ለማስተማር ግን ሁለቱም አያስፈልጉም። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ክረምት ሲቃረብ «ማዳበሪያው የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ተመራቂ «ስርጭቱ በተሳካ ሁኔታ እየተካሄደ ነው» ብሎ ይጽፍለታል። ሌላው የማኅበሩ መጋዘን ድረስ ሄዶ ኩንታሉን ይቆጥራል፤ ወረፋ የያዙትንም ይጠይቃል። ገበሬው ማሳውን የሚያዘጋጀው በሁለተኛው ተማምኖ ነው።