ሜክሲኮ ወራጅ አለ

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ። ዛሬ የማጫውታችሁ ከወሎ ቦረና፣ ከመካነ ሰላም ተነሥቶ አዝቴካ ስታዲየም ስለሚገባ ሰው ነው። ሰውየውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ መንገዱ ግን የእውነት ነው፤ ከተሞቹም፣ ባቡሮቹም፣ የቪዛው ጣጣም። ስም አላወጣሁለትም። ቦረናው እንበለው።

ቦረናው «የዓለም ዋንጫን ሜክሲኮ ሄጄ ነው የማየው» ያለ ቀን የሰፈሩ ሰው ሳቀበት። «እዚያ እኮ አየሩ ስስ ነው። ስንቱ ፈረንጅ ያለከለከበት አገር ነው፤ ትታፈናለህ» አሉት። ይኼን ጊዜ እሱ በተራው ሳቀ። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መካነ ሰላም 2,600 ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ሌላው ዓለም ወደ አዝቴካ ሽቅብ ይወጣል፤ የቦረና ሰው ቁልቁል ይወርዳል! እንዲያውም ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 «ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ አይደረግም» ብሎ ነበር፤ ደቡብ አሜሪካኖቹ ጮኸው በዓመቱ አስነሡት እንጂ። በዚያ ደንብ መካነ ሰላም ሜዳ ላይ አገር ከአገር ቢጋጠም ፊፋ ፊሽካ አያስነፋም ነበር።

ለመነሣት ግን ሳንባ አይበቃም። የዛሬ መንገደኛ ከትኬት በፊት የሚጠይቀው «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብሎ ነው። ሰላም ከሆነ በሌሊት ጋቢውን ተከናንቦ መናኸሪያ ይቆማል። የለጋምቦን ደጋ ያቋርጣል፤ አቀስታ፣ ከዚያ ጉጉፍቱ፤ የዚያ አገር ብርድ ጋቢ ለብሶም አጥንት ያገኛል። ደሴ አድሮ፣ ሆጤ ሜዳ የሚጫወት ካለ ቆም ብሎ አይቶ፣ በማግሥቱ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከሚሴ ላይ ጋቢውን አውልቆ ያጥፋል፤ ጣርማበር ዋሻ ሲደርስ መልሶ ይለብሳል። ደብረ ብርሃንን አልፎ አዲስ አበባ ሲገባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መጥቷል።

አሁን ልብ በሉ። ገና ከአውቶቡስ ወርዶ ዕቃውን ሳያስተካክል፣ አንዱ የታክሲ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» ይላል። ቦረናው ዘሎ ገባ። «ይኼን ያህል ቅርብ ከሆነ ያን ሁሉ ስንቅ ለምን አሸከሙኝ?» አለ። እንግዲህ ወሎዬ ነው፤ እያወቀ ይቀልዳል።

ከሜክሲኮ አደባባይ በቀላል ባቡሩ ቢሳፈር የሚቀጥለው ፌርማታ ለገሃር ነው፣ ቀጥሎ ስታዲየም። አዲስ አበባ ስታዲየምን የኳስ ሰው በቁጥር አይጠራውም፤ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ ብሎ ነው የሚጠራው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እዚሁ ሜዳ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ግርማ ተክሌ አገባ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባ፣ ወንድሙ ኢታሎ አገባ፣ መንግሥቱ ወርቁ ዘጋው። ይኼን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰማችሁት አውቃለሁ፤ ግን ሌላ ዋንጫ እስክናመጣ ድረስ ትሰሙታላችሁ፣ ምን ታደርጋላችሁ!

ዋንጫውን እንተወውና ሜዳ ራሱ ቸግሮን ከርሟል። ለ2026ቱ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቡድናችን ግብፅን «በሜዳው» ያስተናገደው ካዛብላንካ ነበር። የአገሩን ቡድን አገሩ ላይ ለማየት ሞሮኮ የሚያስኬደው ደጋፊ፣ ሜክሲኮ ሄደ ቢባል ምኑ ይገርማል?

አደባባዩ ለምን ሜክሲኮ ተባለ የሚል አይጠፋም። ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ይዞ «የእኔ ናት» ሲል ስንቱ መንግሥት አቀርቅሮ ተቀበለ። አንቀበልም ካሉት ጥቂቶች አንዷ የላዛሮ ካርዴናስ ሜክሲኮ ነበረች፤ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር መልእክተኞቿ ለእኛ ተሟገቱ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን ጎበኙ። ስሟ በእኛ ከተማ ቀረ፤ የእኛም ስም በእሷ ከተማ አለ፤ እሱን ቦረናው ሲደርስ ያየዋል።

ወረቀቱን እንለፍ፤ ግን እዚህ ነው የብዙ ሰው ጉዞ የሚሰበረው። አዲስ አበባ ላይ የሜክሲኮ ኤምባሲ አለ፤ ቪዛ የሚጠየቀው እዚያ ነው። ፓስፖርቱ ላይ የጸና የአሜሪካ ቪዛ ያለበት ሰው የሜክሲኮ ቪዛ አያስፈልገውም። በቀጥታ የሚያደርስ የመንገደኛ በረራ የለም። በአውሮፓ አድርጎ ለማለፍ ደግሞ የአሜሪካ ቪዛ የሌለው ኢትዮጵያዊ ከአየር ማረፊያው ሳይወጣ እንኳ የሸንገን ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል፤ ይኼን ያላጣራ ሰው ቦሌ ላይ ሻንጣውን ታቅፎ ይቀራል። የጨዋታ ትኬት በእጁ መያዙ ድንበር አያስገባውም። ስለዚህ መጀመሪያ ቪዛ፣ ከዚያ በረራ፣ ከዚያ ኳስ። ደጋፊ ልቡ ስለሚቸኩል ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል።

ደረሰ እንበል። ሜክሲኮ ሲቲ ሜትሮ ውስጥ ገባ። ስፓኒሽ አያነብም፤ አያስፈልገውምም። እዚያ ከተማ እያንዳንዱ የሜትሮ ጣቢያ ከስሙ ጋር የራሱ ሥዕል አለው። በ3ኛው መስመር ላይ ሲሄድ በድንገት የአንበሳ ራስ ያያል። ጣቢያው «ኢትዮፒያ» ይባላል! ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ አለ። በዚህ በኩል ረዳት «ሜክሲኮ ወራጅ አለ?» ሲል፣ በዚያ በኩል ሕዝቡ «ኢትዮፒያ» ላይ ይወርዳል።

እዚያው መስመር ላይ ሳይቀይር ወደ ደቡብ ቢቀጥል ኮፒልኮ ይደርሳል፤ ወርዶ በእግሩ ቢሄድ የዩኒቨርሲቲው ኦሊምፒክ ስታዲየም ነው። ፑማስ የሚባለው ቡድን ሜዳ ነው፤ በልማዱ የሚጫወተው እሑድ እኩለ ቀን ላይ ነውና ጨዋታ ከገጠመው ይግባ። ካልገጠመውም ይሂድ፤ እኔ ቦረናውን ከአዝቴካ በፊት እዚህ ነው የማስቆመው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. የኦሊምፒኩ ማራቶን ከሶካሎ አደባባይ ተነሣ። አበበ ቢቂላ ሁለት ወርቅ ይዞ የመጣ ሰው ነው፤ ዓለም የሚያየው እሱን ነው። እግሩ ታሞ ነበርና 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አቋረጠ። ያን ጊዜ ማሞ ወልዴ ቀረ። በ10 ሺሁ ሜትር ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በሰከንድ ክፋይ ተቀድሞ ብር ወስዷል፤ ዕድሜው 36 ነው። የቆላው ሯጭ ሁሉ አየር አጥሮት ሲንገዳገድ ማሞ እንደ አገሩ ሮጠ። በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ እዚህ ስታዲየም ገባ፤ ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊ ከሦስት ደቂቃ በላይ ቆይቶ መጣ። ለእኛ ሰው ሜክሲኮ ላይ ከማራዶና የሚቀድም ታሪክ ካለ ይኸው ነው፤ የማይስማማ ካለ በኋላ እንከራከራለን።

አዝቴካ ሌላ መንገድ ነው። በ2ኛው መስመር እስከ ታስኬኛ፣ ከዚያ በቀላል ባቡር፤ ጣቢያው ራሱ በስታዲየሙ ስም ይጠራል። ፔሌ እ.ኤ.አ. በ1970 ጣሊያንን 4 ለ 1 ያሸነፈበት፣ ማራዶና በ1986 እንግሊዝን በእጁም በእግሩም የቀጣበት ሜዳ ነው። ሦስት የዓለም ዋንጫ የደረሰው ስታዲየም እሱ ብቻ ነው። አሁን በባንክ ስም ባኖርቴ ብለውታል፤ ሰው ግን አዝቴካ ማለቱን አልተወም። ጉዋዳላሃራና ሞንቴሬይም ጨዋታ አለ፤ ሞንቴሬይ ግን ቆላ ነው፣ ሰኔ ላይ ያነዳል፤ ቦረናውን አልመክረውም። አገሩ የናፈቀው ቀን ቶሉካ ይሂድ፤ 2,660 ሜትር ገደማ ነው፣ መካነ ሰላም ማለት ነው።

ሰኔ እዚያም ክረምት ነው። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ዶፍ። ጋቢው ሥራ አያጣም።

ስለ ምግብ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ጎዳናው ላይ እንደ ሻዋርማ ዘንግ ላይ እየተሽከረከረ የሚቆረጥ ሥጋ ያያል። ከሊባኖስ በመጡ ሰዎች የተጀመረ ስለሆነ የሚያውቀው ይመስለዋል። አል ፓስቶር ይባላል፤ አሳማ ነው! ቦረናው እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ ወሎ ነውና አይበላውም። «ሬስ» ካለ የከብት ነው፣ «ፖዮ» ካለ ዶሮ። ጿሚ ከሆነ ደግሞ የዓለም ዋንጫው መክፈቻ የሐዋርያት ጾም ላይ ይውላል፤ ባቄላ መሰሉን ፍሪሆሌስ ከማዘዙ በፊት «ማንቴካ አለው ወይ?» ይበል፤ የአሳማ ስብ ይጨምሩበታል። በተረፈ አይራብም። በቆሎው ከዚያ ነው ወደ ዓለም የወጣው፣ በርበሬውም ዘሩ ከዚያ ነው። በለስን ፍሬውን ብቻ አይደለም፣ ቅጠሉን እሾሁን ልጠው ይጠብሱታል፤ ሰንደቅ ዓላማቸው ላይ ያለው ንስርም የቆመው በለስ ላይ ነው።

የመክፈቻው ጨዋታ ሰኔ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ እዚያ በቀትር፣ በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት። ሜክሲኮ ከደቡብ አፍሪካ። እ.ኤ.አ. በ2010ም እንዲሁ ጆሃንስበርግ ላይ እነዚሁ ከፍተው 1 ለ 1 ወጥተዋል።

አሁን ቦረናው አዝቴካ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ አጠገቡ ያለው ሜክሲኳዊ «ከየት ነህ?» ይለዋል፤ «ኢትዮፒያ» ሲል «ሜትሮ ጣቢያው ጋ?» ይባላል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ለማን ነህ?» ነው። አፍሪካዊ ነውና ለደቡብ አፍሪካ ማለት አለበት። ያቺው ደቡብ አፍሪካ ግን መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ድረስ መጥታ፣ በገዛ ሜዳችን 3 ለ 1 አሸንፋን ሄዳለች። ሜክሲኮ ደግሞ በ1928 ማንም በሌለን ቀን ከጎናችን ቆማለች።

እኔ ብሆን ለሜክሲኮ ነኝ። «አፍሪካን ከዳህ» የምትሉኝ እናንተ፣ ባሕር ዳር የገቡብንን ሦስቱን ጎሎች መልሱልኝና እንነጋገር።