የዓድዋ ጦር ሜዳ ድንበር ከየት እስከ የት ነው?

ከሪድበርግ፣ ፍራንክፈርት

የምኖርበት ሪድበርግ አዲስ ሰፈር ነው። ከዚህ በእግር የሚደረስበት ሄደርንሃይም ግን ኒዳ በተባለች የሮማውያን ከተማ ላይ የቆመ ነው። የኒዳ መነሻ የጦር ሰፈር ነበር። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኖርድቬስትሽታት የተባለው ሰፈር ሲገነባ ብዙው ቅሪቷ በወጉ ሳይጠና ጠፋ። በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ዓድዋ ትታወሰኛለች።

እንደሚታወቀው የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድል በአንድ ሜዳ ላይ የተገኘ አይደለም። አልቤርቶኔ በእንዳ ኪዳነ ምሕረት፣ አሪሞንዲ በራዮ ተራራ ዙሪያ፣ ዳቦርሚዳ በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ተነጣጥለው ተመቱ። በመምህርነት ዘመኔ ተማሪዎቼ በካርታ ላይ የጦር ሜዳውን አሳዩ ሲባሉ አንዲት ትንሽ ክብ ያደርጉ ነበር። ጠላት እርስ በርሱ መረዳዳት ያቃተው ግን ተራራውና ሸለቆው ስለለያየው ጭምር ነው። ስለዚህ መሬቱ ራሱ የታሪክ ሰነድ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተመረቀው የድል መታሰቢያም ይህንን መሬት ሊተካ አይችልም።

የጥብቅ ቦታ ድንበር ሲሰመር ወይም ሲስተካከል ሁለት መስመሮች ይታሰባሉ። ውስጠኛው ዋናውን ቅርስ ይከልላል፤ ውጨኛው ደግሞ በዙሪያው የሚካሄደውን ግንባታ ይገድባል። አሜሪካኖች በ1990 እ.ኤ.አ. የጌቲስበርግን የጦር ሜዳ ፓርክ ድንበር በሕግ አሰፉ። እዚያ ባለርስቱ የመገንባት መብቱን ብቻ ሸጦ እርሻውን መቀጠል ይችላል።

በእኛም አገር የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ቅርስ ያለበትን አካባቢ እንዲከልል፣ በዚያም ያለ ፈቃድ ግንባታ እንዳይካሄድ ደንግጓል። ችግሩ ሌላ ነው። በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ብቻ ነው። በድርድር የሚሸጠው መብት ስለሌለው ድንበሩ በላዩ ላይ ሊሰመርበት ይችላል።

የሰሜን ተራሮች ፓርክን እንመልከት። በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 በአደጋ መዝገብ ገባ። ድንበሩ ተሻሽሎና ሰፍቶ በ2017 ከመዝገቡ ወጣ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች ግን ከቀያቸው ተነሥተው ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ፓርኩ ዳነ፤ ዋጋውን የከፈለው ደግሞ ደሃው ነው።

ዓድዋ ላይ ይህ መደገም የለበትም። በቅርቡ ጦርነት የደቀቀውን ገበሬ በአባቶቹ ድል ስም ማፈናቀል ነውር ነው። በእኔ እምነት በመጀመሪያ የውጊያ ቦታዎቹ ሁሉ በካርታ ይመዝገቡ፤ ቀጥሎም ገበሬው እያረሰ ይቀመጥ፤ አዲስ ግንባታ ብቻ ይገደብ፤ ለሚቀርበትም ጥቅም ካሣ ይከፈለው። መስመሩ ሲሰመር እሱ ራሱ በቦታው ይገኝ። ከተማዋ እያደገች ነውና ሥራው ለነገ አይባልም። ኒዳን የሚመልስ ካርታ የለም።