ከተጂ ክምር እስከ ሄግ ችሎት

ከሰበታ በጅማ መንገድ ተፍኪን አልፎ ተጂ የደረሰ ሰው፣ በታኅሣሥ የበቾ ጥቁር መሬት በጤፍ ክምር ተሞልቶ ያገኘዋል። ክምራቸው ጥላ ሥር ያረፉ አንድ አዛውንት፣ የታጨደው ለምን ወዲያው እንደማይወቃ ጠየቅኋቸው። እስኪደርቅ፣ በሬውና ደቦው እስኪገኝ ሳምንታት ይሰነብታል አሉኝ። ተወቅቶም ጎተራ ይገባል እንጂ በዚያው ቀን ወፍጮ ቤት አይሄድም።

በዚህ ተራ ነገር ላይ አውሮፓ የፈጠራ መብት ሰጥቶ ነበር ብል አንባቢ ያምነኛል?

በሐምሌ 1995 ዓ.ም. አንድ የሆላንድ ኩባንያ ስለ ጤፍ ዱቄት ማመልከቻ አስገባ። እህሉ ከአጨዳ በኋላ ሰንብቶ ሲፈጭ፣ ባለሙያዎች «ፎሊንግ ነምበር» የሚሉት መለኪያ ቢያንስ 250 ይሆናል፣ ዱቄቱም ለመጋገር ይሻላል የሚል ነው። በመጋቢት 1997 ዓ.ም. በእነዚያው ሰዎች የሚመራው ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል፣ ከብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና ከግብርና ምርምር ድርጅት ጋር ስለ 12 የጤፍ ዝርያዎች ውል ተፈራረመ። ውሉ በጤፍ ዘር ላይ መብት መጠየቅን ይከለክላል። ማመልከቻው ግን «ዘር» አይልም፤ «ዱቄት» ይላል። የአውሮፓው መብት በ1999 ዓ.ም. ጸደቀ።

የምርምር ሥነ ምግባር ሲነሣ ወዲያው የምናስበው ጽሑፍ መገልበጥን ነው። እዚህ የተገለበጠ ጽሑፍ የለም፤ ሁሉም በፊርማና በማኅተም ነው። ገበሬው የሚያደርገውን ስላልጻፈው፣ የጻፈው ሰው «ፈጣሪ» ተባለ። እርግጥ ነው አዛውንቱ ስለ መለኪያው አያውቁም፤ ግን ሰንብቶ የተፈጨ ጤፍ ሲበሉ ነው የኖሩት። ከውሉ ሁለት ዓመት ቀድሞ የገባ ማመልከቻ እያለ የፈረሙት የእኛ ሰዎችም ከወቀሳ አያመልጡም።

ውሉ አርአያ ተብሎ ተወድሶ ነበር። ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. ከሰረ፤ የዱቄቱ መብት ግን በሌላ ኩባንያ እጅ ቀጠለ። የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ኢትዮጵያ ያገኘችው 4,000 ዩሮና ቶሎ የተቋረጠ አነስተኛ የምርምር ሥራ ብቻ ነው።

ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት ነገሩ ፈጠራ የለበትም ብሎ የሆላንዱን መብት ሻረው። ተከራክሮ የረታው ሌላ የሆላንድ ነጋዴ ነው፤ ኢትዮጵያ ከችሎቱ አልቆመችም።

ይህን ሁሉ ለአዛውንቱ ነገርኳቸው። ስለ ፍርዱ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ እዚያ አገር ኩንታሉ ስንት እንደሚሸጥ ነው።